መኪና የሚፈራው ሽማግሌ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያው ወደ ላይኛው ሰፈር ስወጣ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ዳገቱ መሐል ላይ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለ። ቦንጋ ሲፈጥራት ዳገት ናት፤ ቦታውን መርጠው የሰፈሩት አባቶቻችን አንድ ቀን ባለ ሦስት እግር ነገር ሦስት ሰው ጭኖ ይወጣዋል ብለው አላሰቡም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ስላላቋረጠ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ሹፌሩ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እያንገራገረ ሊያወጣት ሲታገል ያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለሌላው ተሳፋሪ የመዘግየት ሽታ ነው፤ ለእኔ የጉልበቴ ዘመን ሽታ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት።

"ሩቅ ነው የሚሄዱት አባቴ?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው። ዘንድሮ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ጃኬቱ ገና የቦንጋን ዝናብ አልለመደም።

"ቅርብ ነው። እዚያ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው" አልኩት።

ሹፌሩ ሞተሯን ጎንበስ ብሎ እያየ ሣቀ። "መኪና የሚፈሩት ሽማግሌ ቤት ነዋ።"

"ማናቸው መኪና የሚፈሩት?" አልኩ፤ የሰማሁትን ጆሮዬ አላምን ብሎ።

"ጋሽ ክፍሌ ናቸዋ ፋዘር። አሁንማ ታመው ተኝተዋል። ድሮ ዝናብ እየደበደባቸው በነጻ ላድርስዎ ስላቸው እምቢ ይሉኝ ነበር። በእግራቸው ነው ከተማውን የሚጨርሱት። መኪና ሲያዩ ይርዳሉ ይባላል።"

መምህሩ ፈገግ አለ። እኔ ከፍዬ ወረድኩና ዣንጥላዬን ዘርግቼ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ይህ መኪና ይፈራል የተባለ ሰው በዘመኑ በመኪና ውድድር የሚያህለው አልነበረም። ስሙን ያወጣለት ደግሞ ባጃጅ ነጂው አይደለም፤ እኔ ነኝ። እንዴት እንዳወጣሁለት ለክፍሌ ሳልነግረው ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ሐሙስ ዕለት ግን የምሄደው ልነግረው ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ካሉ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ከዚህ በላይ ብቆይ የምነግረው ሰው አይኖርም።

እኔና ክፍሌ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። አያቶቻችን ከሸዋ ሹም ተከትለው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እኛ ደግሞ ከአገሬው ልጆች ጋር እየተደባደብን ስላደግን ካፊኖኖውንም አማርኛውንም እኩል እንሰማለን። ያኔ ከቦንጋ ጅማ መድረስ ራሱን የቻለ ውድድር ነበር። የጭነት መኪና ጎማው ላይ ሰንሰለት ታስሮለት፣ ተሳፋሪው ጫማውን አውልቆ እየገፋ፣ ጭቃ ውስጥ ውሎ ጭቃ ውስጥ ያድራል። ክፍሌ መንዳት የተማረው በዚያ ጭቃ ላይ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ለውድድር የሚመጣው ሁሉ በአስፋልት የሠለጠነ ስለነበር ዝናብ የጣለ ዕለት ክፍሌን የሚስተካከለው ጠፋ። "እነሱ መሪውን ይጨብጡታል፤ መሪ ግን እንደ ሰው እጅ ነው፣ ሰላም ብለህ ለቀቅ ታደርገዋለህ" ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ የገባነው ሱሪ ከታች ሰፍቶ መሬት በሚጠርግበት ዘመን ነው። ቤልቦተሙን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ በሦስት ብር ያሰፋልን ነበር፣ ጨርቁን እኛ ካመጣን። ፀጉራችን አፍሮ፣ የሸሚዛችን ኮሌታ እስከ ትከሻ የሚደርስ፣ ጫማችን ባለ ረጅም ተረከዝ። በዚያ ተረከዝ ፍሬን ሲረገጥ ማየት ነው። ክፍሌ አንድ የመኪና አስመጪ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ገባ፤ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ወጥተን በሃምሳ ሳንቲም ማኪያቶ እንይዝና ቆመን እንጠጣለን፤ መቀመጥ ያስከፍላል ይባል ነበር፣ እውነቱ ግን ሱሪያችን እንዳይጨማደድ ነው። ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የትዝታ ዘፈን ይለቀቃል። ክፍሌ በጣቱ ብርጭቆውን እየመታ ይቀበላል። ድምፅ አልነበረውም። ግን ቆንጆዎቹ ዞር ብለው የሚያዩት እሱን ነበር፤ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ ሰው ቢኖር ቦታ ልቀቅልኝ ሊለኝ የመጣ ነው።

የጋራዡ ባለቤት አንድ ቀን ክፍሌ የደንበኛ መኪና ሲሞክር አየውና ተወዳዳሪ አደረገው። በወር ደመወዝ የሚነዳ፣ ሥራው መወዳደር ብቻ የሆነ ሹፌር ያኔ በጣት የሚቆጠር ነበር። ክፍሌም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ "ታምራት ይሁን፣ ጽሕፈቱ ያምራል" አለ። እንዲህ ሆኜ ነው ናቪጌተር የሆንኩት። ሥራው ለማያውቅ ላስረዳ። ከውድድሩ በፊት መንገዱን በዝግታ እንሄድበታለን። እሱ እያንዳንዱን መታጠፊያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንድ ማለት ልትቆም ጥቂት ሲቀርህ ነው፣ አምስት ማለት ፍሬን አትንካ ነው። እኔ በደብተር እጽፋለሁ። በውድድሩ ቀን እሱ የሚነዳው የሚያየውን መንገድ አይደለም፤ የማነብለትን ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ዓይኑ ሳይሆን የእኔ አፍ ነው የሚያውቀው። ቀኝ ሦስት፣ ግራ አራት፣ ድልድይ፣ ግራ አምስት፣ ቤንዚን ስጥ። እሱ ይሰጣል። "አንተ ገደል ብትለኝ እገባለሁ" ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። ሲቀልድ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። ከዚያ የምታውቁት ዘመን መጣ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ የውድድር መኪናችን ሸራ ለብሳ ጋራዥ ጥግ ቆመች፣ አይጥ መቀመጫዋን በላው። ክፍሌ የጭነት መኪና ይዞ እህል ሲያመላልስ ጉብዝናው አለፈ። ቦንጋ ተመልሶ ፅጌን ያገባው በዚያ መካከል ነው። ፅጌ አስተማሪ ነበረች፤ ቁመቷ እስከ ደረቱ፣ ምላሷ ግን ከሱ ጭንቅላት በላይ። "ቁጥር ስጠኝ እስቲ፣ ስንት መታጠፊያ ነኝ?" ትለው ነበር። "አንድ ነሽ። ካንቺ ላይ ሁሉም ይቆማል" ይላታል። ሦስት ሆነን እራት ስንበላ ይህን ይባባላሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እበላለሁ። እኔ ሚስት አላገባሁም። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ካለ መልሱን ከዚህ ጽሑፍ ያገኘዋል።

ዘመኑ ሲገለበጥ ውድድሩ ተመለሰ። ክፍሌ ፂሙ ውስጥ ሽበት ጀምሮት ነበር፤ ጎረምሶቹ "አባባ" እያሉ ቀለዱበት፣ ከዚያ አቧራውን ጠጡ። አዲሱ አስመጪ ስማችን የተጠለፈበት ቀይ ጃኬት ሰጠን። ቤንዚን እንደ ልብ ሆነ። ማኪያቶ ብር ከምናምን ገባ፣ ሱሪ ጠበበ፣ ካሴት በየሱቁ ተደረደረ። አዲስ አበባ ስታዲየም ጥግ ላይ ስሙን እየጠሩ ይከተሉት ነበር። አንድ ዓመት ደግሞ አዘጋጆቹ ውድድሩን ወደ ከፋ እንዲወርድ አደረጉት፤ ከጎጀብ ድልድይ ተነሥቶ ጫካውን ሰንጥቆ ቦንጋ ድረስ። ክፍሌ ሲሰማ ሕፃን ሆነ። በአገሩ፣ በእናቱ ደጅ፣ በተወለደበት ጭቃ ላይ።

መንገዱን በዝግታ ሄደንበት ደብተሩን ሞልተን የክፍሌ እናት ቤት ገባን። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቱ እንደ አገሩ ወግ ማር አቀረቡልን፤ የጫካ ማር፣ ነጭ፣ ከሰፈፉ ያልተለየ፣ በሸክላ ሳህን። ከፋ ውስጥ የቀረበ ማር አይገፋም፤ ያውም ለልጅ ጓደኛ የቀረበ። እኔ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በዝናብ የደበዘዘውን አጽድቄ እገለብጣለሁ፤ በአንድ እጄ እጽፋለሁ፣ በአንድ እጄ እጎርሳለሁ። "እጅህን ታጠብ አንተ ሰነፍ" አሉኝ እትዬ፤ ታጠብኩ። ደብተሩን ግን ማን ያጥበዋል? ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ክብደት ላዩ ላይ ጫንኩበት፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከጎጀብ ተነሣን። የገበያ ቀን ነበር። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ያንሸራትታል፤ ለክፍሌ የተሰፋ ቀን። አንደኛውን ገጽ አነበብኩ፣ ሁለተኛውን አነበብኩ፣ ገለጥኩ፣ አነበብኩ። የገለጥኩት ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መታጠፊያዎች እንደ አጋጣሚ ገጠሙልኝ፤ ቀኝ ሦስት አልኩ ቀኝ ሦስት ሆነ፣ ግራ አራት አልኩ ግራ አራት ሆነ። "ግራ አምስት፣ ቤንዚን ስጥ" አልኩ። ሰጠ። የነበረው ግን ቀኝ ሁለት ነው። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መኪኖቹን ሊያዩ መታጠፊያው ላይ ቆመዋል። ክፍሌ በዚያ ፍጥነት ያደረገውን ማንም አያደርገውም፤ መኪናዋን በጎኗ አዙሮ ከሰዉ አራቃት ማለት ይቻላል። አንዲት ሴት ቀረች። ወርቄ ትባላለች። ቆጮ በጀርባዋ አዝላ ነበር፤ ሸክሙ ከብዷት እንደ ሌሎቹ ዘላ መሸሽ አልቻለችም።

መኪናዋ ዛፍ ላይ ስትቆም የክፍሌ ራስ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጭቶ ደም ፊቱን ሸፍኖታል። ዓይኑን ገለጠና "ምን ሆነ? ከትንሿ ድልድይ ወዲህ አላስታውስም። ምን ብለኸኝ ነበር?" አለኝ። ሰው ሲጮህ ይሰማል። አጠገባችን አንዲት ነጠላ መሬት ላይ ትታያለች።

"ቀኝ ሁለት ብዬህ ነበር" አልኩት። "አልቀነስክም።"

ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ሠላሳ ዓመት ፈልጌ አጣሁለት። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ እሱን በፒካፕ ጭነን ወደ ጅማ ሆስፒታል ስንወስደው ከኋላ ተቀምጬ ደብተሩን አወጣሁ። ሁለቱ ቅጠሎች ጥጋቸው ላይ ተጣብቀዋል። በጥፍሬ ስለያቸው የሚያጣብቅ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ፤ ቀመስኩት፣ ማር ነው። ጎጀብ ድልድይ ላይ ስንደርስ ደብተሩን ወደ ወንዙ ወረወርኩት። ክፍሌ ዓይኑን ጨፍኖ "አልቀነስኩም፣ አልቀነስኩም" ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ግን እያደር ደፈረሰ።

ሕጉ የውድድር አደጋ ነው ብሎ በገደብ ለቀቀው። አገሩ ግን የራሱ ሕግ አለው። ደም ካልደረቀ ሰው ከሰው ጋር በአንድ ገበያ አይውልም። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተመርጠው በትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ምስክር ሆኜ ከክፍሌ ኋላ ቆሜያለሁ። እርቅ ከመባሉ በፊት ትልቁ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። "የተደበቀ ነገር ካለ ይውጣ። በተደበቀ ነገር ላይ የደረቀ ደም አልደረቀም" አሉ በካፊኖኖ። ከከተማ ለመጡት ደግሞ አንዱ በአማርኛ ይመልሰዋል። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ ስድስት ጊዜ ተጠየቅኩ። ስድስቱንም ጊዜ መሬት መሬት አየሁ። ክፍሌ ተንበርክኮ "ገዳይዋ እኔ ነኝ። አጠገቤ ያለው ሰው በደንብ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ መኪና ብነዳ ደሟ ይፋረደኝ" ብሎ ማለ። የወርቄ እናት በበትራቸው ተደግፈው ተነሡና ትከሻውን ነኩት። "ፊቱን አልሸሸገኝም፣ እኔም ፊቴን አልሸሽገውም" አሉ። ዕርቁ ወረደ። እኔን ደግሞ አንድ ሽማግሌ "አንተም ደግ ጓደኛ ነህ፣ አብረኸው ቆምክ" ብለው መረቁኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሌ ገበያው ጥግ ላይ ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። መኪና መንዳት ብቻ አይደለም፣ ካልቸገረው በቀር አይሳፈርም፤ "ለራሴ የከለከልኩትን ሌላው ሲያደርግልኝ ምን ልዩነት አለው" ይላል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጋቢ ይዞ በእግሩ ግማሽ ቀን ተጉዞ የወርቄን እናት ይጠይቃል። እሳቸው "ልጄ" ይሉት ነበር፤ ሲሞቱ ራሱን ላጨ። እኔ ደግሞ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራዬ ለፊልድ የሚወጡ ሹፌሮችን ፎርም መፈረምና ቁልፍ መስጠት ነበር። አገር የሚያከብረኝ ሰው ሆንኩ። ማታ ማታ ክፍሌ ቤት ጎራ እላለሁ፣ ፅጌ እራት ታቀርብልናለች፣ ትንሿ ልጃቸው መሠረት ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች። ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ሌላ ወሬ ይጀምራል፤ ወይም እኔ ጀመረ እላለሁ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነገር ሆድን መጨረሱን የነገረኝ የለም።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ይከብደኛል። የጥምቀት ዕለት ነው። ከተማው በሙሉ ታቦት ተከትሎ ወጥቷል፣ ሹፌሮቹም እኔም ነጭ ለብሰን ከሰው ጋር ነን። ፅጌ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ሳይገባ ቤት ውስጥ ደም ፈሰሳት። ክፍሌ እየሮጠ ወጣ፤ ከቤታቸው ማዶ የእኛ መሥሪያ ቤት ግቢ ነው፣ ውስጡ አንድ ፒካፕ ቆሟል። ዘበኛው ቁልፉን አንሥቶ "ጋሽ ክፍሌ፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት፣ ይውሰዷት" ብሎ እጁ ላይ አኖረለት። ሆስፒታሉ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ክፍሌ በሩን ከፍቶ ገባ። ቁልፉን ሰካው። ዘበኛው እንደነገረኝ እንዲሁ ተቀምጦ መሪውን አየው፣ አየው፣ ከዚያ ወረደ። "ደም ላይ ምያለሁ" አለ። ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌ ጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመዋት በዚያ ዳገት ወጡ። ሕዝቡ እየዘፈነ ከላይ ስለሚመጣ መንገድ አጡ። ሆስፒታል በር ላይ ፅጌ አልፋለች።

ዘበኛው በማግስቱ ቢሮዬ መጥቶ "ያለ ፈቃድ ቁልፍ ስለሰጠሁ ይቅር ይበሉኝ" አለኝ። ይቅር አልኩት። እኔን ነበር ይቅርታ የሚጠይቀኝ። ለቅሶው ላይ ደግሞ ሰዎች በሹክሹክታ "ሚስቱ እየሞተች መኪና ፈራ" ሲሉ ሰማሁ። ያ ስም ያኔ ተወለደ፣ ያው እስከ ባጃጅ ነጂው ድረስ መጣ። መሠረት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ዛሬ እንደ እናቷ አስተማሪ ናት፤ ጋሼ እያለች በዓል ሲሆን ዳቦ የምታመጣልኝ እሷ ናት።

ሐሙስ ዕለት ረጥቤ ስገባ መሠረት ዣንጥላዬን ተቀብላ በር ሥር አቆመችው። "ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል፤ ሻይ ላምጣልዎት" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ክፍሌ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ ትከሻ ሟሽሿል፤ እጆቹ ብቻ ድሮ የነበሩት ናቸው፣ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግተዋል።

"ታሜ፣ በዚህ ዝናብ?" አለኝ።

"አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የዚያን ቀን ነገር ነው። የወርቄ።"

አላቋረጠኝም። ማሩን ነገርኩት፣ የተጣበቀውን ቅጠል ነገርኩት፣ መኪና ውስጥ ሆኜ የመለስኩለትን መልስ፣ ጎጀብን፣ ስድስቱን ጥያቄ። ስጨርስ፣ እውነት ለመናገር፣ ደረቴ ቀለል ብሎኛል። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ከውድድር በኋላ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠን እንደምንነጋገረው ጠየቀኝ።

"ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?"

"ሦስተኛው። ከትንሿ ድልድይ ወዲህ ያለው።"

"ሁለቱ መታጠፊያ ገጠመልህ።"

"ገጠመልኝ።"

"አምስት ነው ያልከኝ።"

"አምስት ነው ያልኩህ። ያልኩህን ነው የነዳኸው። አንተ ጥፋት የለብህም ክፍሌ፣ ኖሮብህም አያውቅ።"

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት አዘጋጅቻታለሁ። ስላት ያለቅሳል፣ ይሰድበኛል፣ ወይም እፎይ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን እጆቹን እያየ ቆየ።

"የጥምቀት ዕለት ይህን ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ?"

"አውቅ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ፅጌ የሞተችው ለቃሌ ነው ስል ነበር። ሰው ገድያለሁ፣ ደም ላይ ምያለሁ፣ ቃሌን ባፈርስ ደሙ ልጄ ላይ ይመጣል ብዬ ነው የወረድኩት። ስትቀበር ለእሷም እንዲያ ብዬ ነው የነገርኳት። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። አሁን ለምን ሞተች ልበል? ለማር?"

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ሠላሳ ዓመት ዝም ብለሃል። የቀረኝ ጥቂት ቀን ነበር። ትንሽ ብትታገሰኝ ምን ነበረበት?"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ ልል ነበር፤ ግን የጣልኩት በራሴ ብብት የነበረውን አይደለም። ሸክሜን ላወርድ ሄጄ የማይችል ሰው ደረት ላይ አስቀመጥኩት። ልነሣ ዞር ስል መሠረት ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሻዩን በትሪ ይዛለች፤ ከሻዩ እንፋሎት አይወጣም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ለክፍሌ ምን እንደምለው ሠላሳ ዓመት ሳስብ ይህችን ልጅ አንድ ቀን አስቤያት አላውቅም፤ የሞተችው የእሷም እናት ናት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ አንድ ብርጭቆ ብቻ አንሥታ ለአባቷ ሰጠችው። እኔ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።

ዓርብ ሄድኩ፣ በሩ አልተከፈተም። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ለቅሶ ቤት ናቸው አሉኝ ጎረቤቶች፣ ውሸት እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል። ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። መሠረት በሩን ስንጥቅ ያህል ከፈተችው። ጋሼ አላለችኝም። ብርቱካኑንም አልተቀበለችኝም።

"ተኝቷል" አለችኝ።

"ልጠብቀው እችላለሁ" አልኳት።

ከውስጥ የክፍሌ ድምፅ መጣ፤ ደክሟል፣ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። "መሠረት፣ ማነው በር ላይ?"

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል መለሰችለት።

"ማንም የለም፣ አባዬ።"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፣ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት። ብርቱካኑን ይዤ ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩና ወደ ቤቴ ወረድኩ።